ስሙን ያልጠራነው ግራ ተመላላሽ

የረጠበ ሱፍ ሽታ የትም ቢሆን እለየዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከመገናኛ ወደ አያት በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ የሰኔ ዝናብ ያበሰበሰው ሕዝብ ተፋፍጎ ቆሞ ሳለ፣ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጥ የኮሌጅ ትምህርት ጀምሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «እማማ» እያሉ ወንበር ይይዙልኛል፤ እኔም አንድ ነገር እንዳያመልጠኝ የመምህሩን አፍ አፍ ሳይ እውላለሁ። በዚያን ዕለት ሐሳቤ ሁሉ በሚመጣው ፈተና ላይ ነበር። ሽታው ግን ፈተናውንም መምህሩንም ከራሴ ውስጥ አወጣቸው። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ አሮጌ ግራጫ የሱፍ ካፖርት ለብሰው፣ የባቡሩን ማንጠልጠያ ይዘው ከፊቴ ቆመዋል። ውሃው ከካፖርታቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ቀኝ እግራቸው ወለሉን ቀስ እያለ ይመታል፤ ኳስ እስኪደርሰው የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ እርስዎ የብርድ ልብሷ ልጅ አይደሉም እንዴ?» አሉኝ።

በዚህ ስም ከተጠራሁ ስንት ዘመኔ! ፊታቸውን አየሁት። ጥርሳቸው ሳስቷል፤ ጉንጫቸው ገብቷል፤ ያ በማበጠሪያ ተበጥሮ የሚቆመው ጎፈሬ የለም። እግራቸውን ግን አወቅሁት።

«ፍቅሩ?»

«ነኝ» አለ፤ ወዲያው አንቺና አንተ ሆንን። «ያ ስትጮኹለት የነበረው ፍቅሩ።»

ይህን ሲል ፈገግ አላለም።

ያኔ የምንሠራው ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ዛሬ በባቡሩ መስኮት ሲታይ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርቦ፣ መስታወቱ መስታወቱን እያንጸባረቀ፣ ሰው የት ይኖር እንደነበር ማስታወስ ያስቸግራል። በዚያ ጊዜ ከፋብሪካው ወዲያ ባሕር ዛፍ ነበረ፤ ከባሕር ዛፉ ወዲያ የገብስ ማሳ። አያት ማለት ለእኛ ገጠር ነው፤ እንቁላልና ወተት ከዚያ ይመጣል እንጂ ሰው ቤት ሊገዛ ይሄዳል የሚል ቢኖር እንስቅበት ነበር። ከመገናኛ እስከ ፋብሪካው በውይይት ታክሲ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጉልበት ለጉልበት እየተጋጨን፣ በሃያ አምስት ሳንቲም እንሄዳለን። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነው፤ ሻይ አሥራ አምስት። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደል ስለሆነ፣ ባለ ሻይ ቤቱ ማንኪያውን ሲያነሣ የሁላችንም ዐይን አብሮ ይነሣል። እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ቴፕ ነበረ። ካሴቱ ተበጥሶ በጥፍር ቀለም ተጣብቋልና ዘፈኑ አንድ ቦታ ላይ ይዘላል፤ እኛም ስናንጎራጉረው እዚያው ቦታ ላይ እንዘላለን። ኋላ ዘፈኑን በደህና ካሴት ስሰማው የጎደለው ስንኝ ባዕድ ሆነብኝ። ወንዶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ይለብሳሉ፤ እኛ ሴቶቹ ከካኪው የሥራ ልብስ በታች ያለችንን አንዲት አበባ ቀሚስ ለቅዳሜ እንቆጥባለን። ጫማችን የላስቲክ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውስጡ ውሃ እየጮኸ ያሳጣናል ብለን እንሳሳቃለን። መሳቅ ያኔ በቀስታ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚስቅ ሰው ምን አግኝቶ ነው ተብሎ ይጠየቃል።

ጮክ የሚባልበት አንድ ቦታ ነበረ። ቅዳሜ የሥራው ፊሽካ እኩለ ቀን ላይ ሲነፋ ሁላችንም ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው ሜዳ እንጎርፋለን። ቡድናችን ትልቅ ቡድን አልነበረም። ከሌሎች ፋብሪካዎችና ከጋራዦች ጋር ይጫወታል፤ አንዳንዴ ያሸንፋል፣ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ማልያው እኛው ብርድ ልብስ በምንነክርበት ቡናማ ቀለም የተነከረ ስለሆነ ዝናብ ሲመታው ቀለሙ በተጫዋቾቹ እግር ላይ ይወርዳል። እኛ ግን እንወደው ነበር፤ አሁን ስለ ፍቅር ብዙ ስለሚወራ ያንን በምን ቃል እንደምገልጸው አላውቅም። የደጋፊው አለቃ የፋብሪካው ዘበኛ ጋሽ ሁሴን ነበሩ። ወሎዬ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱላቸውን ከብብታቸው የማይለዩ። ለቡድኑ ሕግ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ሕጉ እንዲህ ነበር። የሚያብረቀርቅ ተጫዋች ስሙ ይጠራል፤ የሚለፋ ተጫዋች ስሙ አይጠራም። ምክንያቱም ከዚያ በፊት አንድ የመሐል ተጫዋች ነበረን። ወዝ የሌለው፣ ግን ኳስ በሄደበት ሁሉ የሚሄድ ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ ሕዝቡ ደስታው ገንፍሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙን ሲዘምር ዋለ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እግሩ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ኳስ አልነካም። ጋሽ ሁሴን ሜዳው ዳር ቆመው፣ «በአፋችን በላነው» አሉ። «ዐይን የሚያብረቀርቀውን ይወዳል። የሚያብረቀርቀውን ስጡት፤ የምትወዱትን ደብቁት።» ቡድኑ ውስጥ ክርስቲያንም እስላምም አለ፤ በዚህ ነገር ግን የተከራከራቸው አልነበረም። ሁላችንም ልጅ ሲያምር «አስቀያሚ» ብለው እትፍ እትፍ ከሚሉ ሰዎች ነው የተወለድነው። እናም ለሚለፉት ሌላ ነገር ሠራንላቸው። ከማሽን ተበላሽታ የወጣች አንዲት ግራጫ ብርድ ልብስ ነበረች፤ ቀዩ ክር መንገዱን ስቶ በመሐሏ አግድም ሄዷል። ጋሽ ሁሴን ለምነው አስወጧት። ጨዋታው ሲያልቅ በዕለቱ ከሁሉ በላይ የለፋው ተጫዋች ትከሻ ላይ ትደረባለች፤ ቃል አይነገርም፣ ጭብጨባ የለም። ልጁ ይተኛባትና ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት ይመልሳታል። አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ የምታመጣው እኔ ነበርኩ። የብርድ ልብሷ ልጅ የተባልኩት በዚህ ነው።

ብርድ ልብሷን ከሁሉም ይበልጥ የወሰዳት አየለ ነው፤ ግራ ተመላላሻችን። ቁመቱ አጭር፣ አንገቱ ወፍራም፣ እግሩ ቀስት ነበር። ሲሮጥ ጆንያ የተሸከመ ይመስላል። ኳስ ሲያገኝ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከሜዳው ማውጣት። ነገር ግን የጠፋብንን ኳስ ሁሉ የሚያሳድደው እሱ ነው፤ የሌላው ተከላካይ ስሕተት የሚከፈለው በእሱ ጎን ነው። ሥራው ሱፍ ማበጠሪያ ክፍል ስለሆነ ከማሽኑ ቀጥታ ወደ ሜዳ ይመጣል፤ ጸጉሩና ቅንድቡ በሱፍ ብናኝ ነጥቶ ገና በልጅነቱ ሽማግሌ ይመስላል። ካልሲውን በብርድ ልብስ ጠርዝ ቁራጭ ያስራል። ከዕረፍት በኋላ ላብና ዝናብ ሲደባለቅበት በአጠገባችን ሲያልፍ ያ ሽታ ይመጣል፤ የረጠበ ሱፍ። እኛ ደጋፊዎቹ በመካከላችን እንኳ ስሙን አንጠራም፤ «ያኛው» ነው የምንለው። «ያኛው ጉንፋኑ ለቀቀው?» «ያኛው ዛሬ ምሳ በልቷል?» እንባባላለን። አንድ ቀን ግብ ጠባቂውን አልፋ የምትገባ ኳስ በደረቱ ከመስመር ላይ መልሶ፣ ጭቃ ውስጥ ተዘርሮ፣ እንደገና ተነሥቶ ያቺኑ ኳስ ወደ ባሕር ዛፉ ሰደዳት። እኛ ሁላችን ብድግ አልን፤ ዝም ብለን ቆምን። የተቃራኒው ቡድን ደጋፊዎች ሳቁብን።

«እናንተ ሰዎች፣ ለቅሶ ነው እንዴ የመጣችሁት?» አለ አንዱ።

«ዝም በል አንተ፤ የቤታችንን ሰው እያየን ነው» አሉት ጋሽ ሁሴን፣ ዐይናቸውን ከሜዳው ሳያነሡ።

ፍቅሩ ደግሞ ሌላ ነው። የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበረ፤ ወገቡ ቀጭን፣ ጎፈሬው ክብ፣ ኳስ ከጎን ስትመጣለት የሴት ሁሉ ልብ የሚዘልለት። ግብ ካገባ በኋላ በማዕዘኑ ባንዲራ ዙሪያ ይደንሳል። ስሙን እንጠራለን፤ ጉሮሯችን እስኪነቃ «ፍቅሩ! ፍቅሩ!» እንላለን። ሲያገባም እንጠራዋለን፤ ሲስትም። ኳሱን የነጠቀው አየለ ሆኖ ሳለ የምንጠራው ፍቅሩን ነው። እንግዳ ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ ቢያዳምጥ በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ሰው ብቻ ይጫወታል ይል ነበር።

አየለ ብርድ ልብሷን ሊመልስልኝ ሲመጣ አንድ ቀን በር ላይ ትንሽ ቆመ።

«አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ባለፈው ሰው አይቶኛል?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው? ብርድ ልብሷን ማን ወሰዳት ታዲያ?»

«ያው እኔ ነኝ። ግን አንድ ቀን እንኳ ስሜን ብሰማው ምናለ?»

«ዐይን እንዲበላህ ነው? ብርድ ልብሷ አልበቃ አለችህ?»

ሳቀ። ከቅንድቡ ላይ ሱፍ አራገፈ። «ብርድ ልብሷማ ትሞቃለች» አለ። «አትናገርም እንጂ።»

እንዲህ የመሰለውን ነገር በዚያ ዕድሜ ማን ልብ ይላል። ለጋሽ ሁሴን ነገርኳቸውና «ልጅ ነው፤ ይህን ያህል ከተመኘውማ ይበልጥ ልንጠነቀቅለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ ጥሪው መጣ። ስለ ጦርነቱ ብዙ አልናገርም፤ የሚያውቁት አሉ። ለእኛ የመጣው በሬዲዮ ማርሽና በሰፈሩ ወጣቶች መጥፋት ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ወንበር መርጦ መቀመጥ ይቻል ጀመር። ፋብሪካውም ወጣት ወንዶች እንዲልክ ታዘዘ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፊታቸው ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት ነው። ከላይ ለምነው፣ ቡድኑ የሠራተኛውን ሞራል ስለሚጠብቅ ጥቂት ተጫዋቾች እንዲቀሩላቸው ተፈቀደላቸው። የትኞቹ እንደሚቀሩ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ኳስ ግን አያውቁም። ይህን ሁሉ እኛ የሰማነው ኋላ ነው። በጊዜው ያየነው ቅዳሜ ዕለት ከቢሮ ወንበር አስወጥተው፣ ሁለት እንግዶች አስከትለው፣ ባሕር ዛፉ ሥር መቀመጣቸውን ብቻ ነው። ሰውዬው በመጨረሻ ኳስ ወደዱ ብለን ተደሰትን።

ጋሽ ሁሴን ግን እንግዶቹን አይተው ፊታቸው ጠቆረ። በደጋፊው መሐል እየዞሩ በጆሯችን ነገሩን። «ዛሬ የማናውቀው ዐይን በዝቷል። ያኛውን አደራ። ብድግ እንኳ እንዳትሉ።»

አልተነሣንም። አየለ በዚያን ቀን የተጫወተውን ጨዋታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። በግራም በመሐልም እሱ ነበር። የተቃራኒው አጥቂ መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላው ጎን ሄደ። እኛ ሳሩን እየነጨን፣ ሌላ ነገር የምናወራ እየመሰልን፣ በዐይናችን ጠርዝ አየነው። ጩኸቱን ሁሉ ለፍቅሩና ለሌሎቹ አብረቅራቂዎች ሰጠናቸው። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኛ ዘወር እያሉ፣ ስም በተጠራ ቁጥር ራሳቸውን ሲነቀንቁ ትዝ ይለኛል። ብርድ ልብሷን እንኳ ትከሻው ላይ አላደረብናትም፤ ጋሽ ሁሴን ስላዘዙኝ በጋዜጣ ጠቅልዬ ከግንቡ ጀርባ ሰጠሁት።

«ዛሬ ደግሞ በድብቅ ሆነች?» አለኝ። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም ነበር።

«ለደህንነትህ ነው።»

«እሺ» አለ። ጥቅሉን በብብቱ ይዞ ሄደ። ጀርባው ላይ ማልያው ቀለም እየለቀቀ ነበር።

በሳምንቱ መጀመሪያ አየለን ከማበጠሪያው ማሽን ጠርተው ወሰዱት። ሌሎቹ የሚሄዱ ልጆችም አብረውት ነበሩ፤ ከሜዳው በታች ከሚያልፈው ወንዝ ማዶ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አስቀመጧቸው። ፍቅሩ ቀረ። የምንጠራቸው ሁሉ ቀሩ። ነገሩ ሲገባን ጋሽ ሁሴን ዱላቸውን በር ላይ ጥለው፣ እኔን ጨምሮ የቆምነውን ይዘው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። ዘበኛ ሆነው ከዚያ በፊት ያንን ምንጣፍ ረግጠውት አያውቁም።

«ጓድ፣ ስሕተት ተፈጥሯል» አሉ። «የቡድኑን ምሰሶ ነው የወሰዳችሁት።»

«ማንን?»

ጋሽ ሁሴን አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። ልማድ ክፉ ነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ስሙ አልወጣ አላቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። «አየለን።»

«አየለ የቱ ነው?»

«ግራ ተመላላሹ።»

ሥራ አስኪያጁ እኔንም እሳቸውንም እያፈራረቁ አዩን። «እኔ ራሴ ሜዳ ወርጄ ተቀምጬ አዳምጫለሁ» አሉ። «ሕዝቡ የሚወዳቸውን ላስቀር ብዬ ነው የወረድኩት። የፍቅሩን ስም ሰማሁ፤ የበረኛውን ሰማሁ፤ የዚያን የረጅሙን አጥቂ ሰማሁ። አየለ የሚል ስም አንድ ሰው እንኳ ሲጠራ አልሰማሁም።»

«የምንወደው ስለሆነ ነው ያልጠራነው» አሉ ጋሽ ሁሴን።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን አሹ። «ጋሽ ሁሴን» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፤ «ይሄን እኔ ለበላይ አካል ምን ብዬ ላስረዳ? የሚወዱትን ደብቀውት ነው ልበል? የቀሩት ቀርተዋል። አንዱን ባወጣ ሌላ መተካት አለብኝ። ማንን ልተካ? እናንተው ንገሩኝ።»

የማንን ልጅ ስም እንጥራ?

ልጆቹ ቅዳሜ ማታ በካሚዮን እንደሚጫኑ ወሬ ሰማን። ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ነበረን። ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ከሴቶቹ መሐል ይመስለኛል የተነሣው። ሜዳው ከወንዙ ወዲህ ነው፣ አዳራሹ ከወንዙ ወዲያ፤ ነፋሱ ወደዚያ ከነፈሰ ድምፅ ይደርሳል። ጋሽ ሁሴንን ጠየቅናቸው። ዱላቸውን ከብብታቸው አውጥተው ግንቡ ላይ አስደገፉ። ከዚያ፣ «ከዚህ ወዲያ ምን ዐይን አለ» አሉ።

ጨዋታው ሲጀመር በአየለ ቦታ ላይ የቆመውን ሰው ልብ ያለው አልነበረም። እኛ ፊታችንን ወደ ወንዙ አዙረን ቆመን ነበር። «አየለ!» አልን። መጀመሪያ አፋችን እንቢ አለ፤ ነውር ነገር የምንናገር መሰለን። ከዚያ ተለቀቀ። «አየለ! አየለ!» እያልን እስከ መጨረሻው ጮኽን። ያለፉት ቅዳሜዎች ሁሉ ዕዳ በአንድ ጊዜ የወጣ ነበር የሚመስለው። ዝናቡ ሲመጣ አልተበተንም። ጋሽ ሁሴን ጀለቢያቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ፣ በዚያ በቀጭን አንገታቸው እንደ ሙአዚን እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይጣራሉ። የተቃራኒው ደጋፊዎች በዚያን ቀን አልሳቁም። ዳኛው ሁለት ጊዜ ጨዋታውን አቁሞ አየን። ውጤቱ ስንት እንደነበረ አላስታውስም።

ሲያልቅ በድልድዩ ተሻግረን ወደ አዳራሹ ሄድን። እናቱ እማማ ወለተ አዳራሹ በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ረጥቧል። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጡ ባዶ ወለልና የተበተነ ገለባ ብቻ ነበር።

«ጠዋት ነው የወሰዷቸው» አሉን። «ገና ሳይነጋጋ።»



«ስትጮኹ ሰማሁ» አሉ እማማ ወለተ። «ከዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። እሱ ብርድ ልብሷን ተከናንቦ ነው የሄደ።» ከዚያ አንድ በአንድ ቃኙን፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፣ ቢኖርባቸው ይሻለን ነበር። «ልጆቼ፣ ስም ያወጣሁለት እንዲጠራበት ነበር እኮ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ቡድኑ ጥቂት ጊዜ ተጫወተና ተወ። ጦርነቱ ሲያልቅ፣ ዘመን ሲለወጥ፣ የተበተነው ወታደር በእግሩ ወደ ከተማ ሲገባ፣ እማማ ወለተ መገናኛ መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። ስሙን እየጠሩ ነው የሚጠይቁት። አንዳንዱ «የትኛው አየለ?» ይላቸዋል። ጋሽ ሁሴን ከእሳቸው በፊት ሞቱ፤ እሳቸውም ተከተሉ። የአየለን መርዶ እንኳ ያመጣ ሰው የለም። ብርድ ልብሷም የት እንደበሰበሰች አላውቅም፤ ያ ቀይ ክር በየትኛው ተራራ ላይ እንደቀረ። አንዳንድ ጊዜ ጠላት ሬሳ ገፍፎ ለብሷት ይሆናል እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ይልበሳት፣ ብርድ ለሁሉም ብርድ ነው እላለሁ።

ባቡሩ ሜዳው በነበረበት በኩል ሲያልፍ ፍቅሩ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። የሚታይ ነገር የለም። ፎቅ፣ የስልክ ማስታወቂያ፣ ዝናብ።

«አውቅ ነበር እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ለዐይን እንደምታወጡኝ። ጋሽ ሁሴን የሚሉትን አንድ ልጅ ነገረኝ። ገና መጀመሪያ ላይ።» ማንጠልጠያውን በሌላ እጁ ያዘ። «ስሜን ስትጠሩ፣ ክፉው ዐይን እኔን እንዲያገኘኝ እየጠራችሁ እንደሆነ እያወቅሁ እደንስላችሁ ነበር። ልጅነት ነው፤ ጩኸቱ ይጥማል። በኋላ የጠራችሁኝ እኔ ኖርኩ። የወደዳችሁት ሄደ።»

«ፍቅሩ፣ እኛ እኮ...»

«አልወቅስሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የመጨረሻዋን ቅዳሜ ታስታውሻለሽ? የጮኻችሁባትን?»

«እንዴት እረሳለሁ።»

«በግራ ተመላላሽ ቦታ ማን ተጫወተ?»

አላውቅም። ሁላችንም ፊታችንን ወደ ወንዙ አዙረን ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ፍቅሩ። «አሰልጣኙን ለምኜ። ክንፌን ተውኩና በእሱ ቦታ ቆምኩ። እሱ እንደሚሮጠው ሮጥኩ። ዐይኔ እስኪጨልም ነው የሮጥኩት፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ሲያልቅ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ብርድ ልብሷ አብራው እንደሄደች አውቃለሁ። ግን ቀና ብዬ አየሁ፤ ምናልባት አንድ ሰው... እናንተ ግን በድልድዩ እየተሻገራችሁ ነበር።»

እግሩ ወለሉን መምታት አቁሟል። ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ ብዙ ቃል ተምሬአለሁ፤ አንዱም አልመጣልኝም። አንገቴ ላይ የልጄ ልጅ የሰጠችኝ የሱፍ ሻርፕ ነበረ። እጄን ወደዚያ ሰደድኩ፤ ከዚያ መለስኩት። ከስንት ዘመን በኋላ፣ በሰው በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ፣ ለአንድ ሽማግሌ ሻርፕ ማልበስ ምን ይመልስለታል? ይህን እያሰብኩ ሳለ አያት ደረስን፤ ሕዝቡ ገፍቶ አወጣን።

ውጭ ዝናቡ ብሶበታል። ረዳቶቹ በየታክሲው በር ላይ ተንጠልጥለው የሰፈር ስም ይጠራሉ፤ እንደ ልባቸው፣ ያለ ፍርሃት ይጮኻሉ። ፍቅሩ የካፖርቱን ኮሌታ ከፍ አደረገና «ደህና ሁኚ፣ የብርድ ልብሷ ልጅ» ብሎኝ መንገዱን ተሻገረ። በዚያ በቀጭን ወገቡ ፈንታ የጎበጠ ጀርባ ነበር የማየው። ሻርፑን አወለቅሁ። ከኋላው ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የጠራሁት ስም ነው፣ አልጠፋኝም። ግን አሁን፣ በእውነት ልጠራው ስል፣ አፌ እንቢ አለ። ብጠራው ነው የሚጎዳው ወይስ ዝም ብል? ይህን በዚያን ዘመን እናውቃለን ብለን ነበር።

ካፖርቱ ከሰዉ ካፖርት ጋር ተቀላቀለ። ሻርፑን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ፤ እስኪርስ ድረስ፣ ያ ሽታ ከእሱም እስኪመጣ ድረስ።